ቃሏን ቀማሻት

ለባለቤቴ ለይስማው፤

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ይባላል። አንተን እንዲህ ብዬ ብጠይቅህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁና ትቼዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግሩኝ ጉልበቴና ናፍቆትህ ናቸው፤ ሁለቱም ዝናብ ሲመጣ ይብስባቸዋል። ከተለየኸን አስር ወር ሊሞላ ነው። በጥቅምት፣ አጨዳው ሳይጀመር ሄድክ። አሁን ነሐሴ ገብቷል፤ ጓሮው ጎመን በጎመን ሆኗል፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይውላል። ስምህ ይስማው ነውና፣ እንግዲህ ይስማው ብዬ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። የውጭው በር እንደ ድሮው ይጮኻል፤ ዘይት የሚቀባው ሰው የለም። ካረጀው አውቶቡስህ ነቅለህ ያመጣኸው ወንበር አሁንም በረንዳው ላይ ነው። ልጃችን ሰናይት ከባሕር ዳር በመጣች ቁጥር፣ እማዬ ይሄን ነገር ለምን አንጥለውም ትለኛለች። ትንሿ ልጇ ግን እላዩ ላይ ወጥታ «ደጀን፣ ደጀን፣ አንድ ሰው!» እያለች ስትጣራ ትውላለች። ከቤታችን ሌላ ሹፌር ሊወጣ ነው መሰለኝ።

ያቺን ቀን ታስታውሳታለህ? ከተጋባን ገና ወር አልሞላንም። ምሳ ላይ ሳለን አንዲት ሴት ከአጥሩ ውጭ ሆና «ስለ ማርያም» አለች። እኔም ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው «እግዜር ይስጥሽ» አልኳት። የጠቀለልከውን ጉርሻ መልሰህ አስቀመጥክና አየኸኝ። «ቃሏን ቀማሻት» አልከኝ። አልገባኝም ነበር። አንተ እንደነገርከኝ፣ «እግዜር ይስጥ» የተቀበለ ሰው ምርቃት ነው፤ ያቺ ሴት ከኛ ተቀብላ ልትለው የመጣችውን እኛ ቀድመን ብለነው ባዶ እጇን ሰደድናት፤ እንጀራውም ቃሉም እኛው ጋ ቀረ። ይህን ብለህ ወጣህና ሴትዮዋን ከመንገድ መልሰህ አመጣሃት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የሌለን ቀን ወጥተን የለንም እንላለን፣ ከየት እንደመጡ እንጠይቃለን፤ ያችን ቃል ግን ያልተቀበለ ሰው ከአፉ አያወጣትም። አባታችሁ ቅኔ ቤት የኖሩ ናቸውና፣ ከአንድ ቃል ሥር ሌላ ቃል መፈልፈል የቤተሰባችሁ በሽታ ነው።

ጡረታ ስትወጣ ታርፋለህ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ኮትህን ለብሰህ ሆስፒታሉ በር ላይ ሄደህ ቆምክ። ከደብረ ኤልያስ፣ ከአማኑኤል፣ ከየገጠሩ በሽተኛ ደግፎ የሚመጣውን ሰው ስንት ዘመን መናኸሪያ አውርደኸዋል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ሲቆም እያየህ መኪናህን አዙረህ መመለስህ ሆድህ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ማውረድ ማድረስ አይደለም ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው ካርድ ክፍሉን ታሳያለህ፣ የታዘዘውን ወረቀት ታነባለህ፣ ሰው ሲያስታምም የራሱን ሆድ የረሳውን ደግሞ ሻይ ታጠጣለህ።

በዓል ሲደርስ ከተማው ሁሉ ድፎውን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ይጎርፋል። አንተ ያን ቀን ቤትህ ትቀመጣለህ። ምነው ዛሬ ቀረህ ስልህ፣ ዛሬማ ሰው ሞልቷል፣ እኔ የምፈለገው ሐምሌ ላይ ነው ትላለህ። እውነትህን ነበር። በሐምሌ ጎተራው ይጎድላል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የሚታረድበት በዓል የለም፣ ሰጪውም ቤቱን ዘግቶ እሳት ይሞቃል። እኔ በየጳጉሜው፣ ዘንድሮስ ድሃ እረዳለሁ እያልኩ ስምል፣ የጳጉሜ መሐላ ከአደይ አበባ ጋር ይደርቃል እያልክ ታበሽቀኝ ነበር። ያ ማብሸቅህ እንዲህ የሚናፍቅ አይመስለኝም ነበር።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ፍትሐትህም ጸሎትህም በወጉ ደርሷል። አርባህ ላይ ግን በሬ አልጣልኩም፣ ድንኳንም አልተከልኩም። ካህናቱንና ጎረቤቱን በልክ አብልቼ፣ ለድግስ የታሰበውን ሌላውን ሁሉ ለማክሰኞዎችህ አስቀመጥኩት። ሱቄን ዘግቼ ባንተ ቦታ ልቆም፣ ለአስታማሚዎቹ ዳቦና ሻይ ልይዝ ወሰንኩ። የይስማውን ተዝካር ዓመቱን ሙሉ ነው የማወጣው ብዬ ለዘመድ ተናገርኩ። ልጆቹ አልከለከሉኝም። እህትህ እትዬ አንጓች ግን ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ወንድሜን ዘመድ እንደሌለው ሰው ቀበረችው ማለታቸውን እሳቸው ካሉበት ከደብረ ኤልያስ የሚመጣ ሁሉ ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ቤቴን አልረገጡም፤ ስልኬንም አያነሱም። ያቃጠለኝ ይሄ ነው፣ ይስማው። እናት ሆነው ያሳደጉህን እህትህን ማጣት አንተን ሁለተኛ መቅበር ሆነብኝ። እዚያ በር ላይ የቆምኩት፣ እውነታቸውን ቢሆንስ፣ ሰው ፊት አሳንሼህ ቢሆንስ እያልኩ ነው። ክረምቱ ሲገባ ጨርሶ ደከመኝ። ማክሰኞውን ትቼ፣ በቀረው ገንዘብ ለሙት ዓመትህ በሬ ገዝቼ ልታረቃቸው ቆርጬ ነበር።

በሐምሌ አንድ ማክሰኞ፣ ጉሙ በሩን ሸፍኖት ሳለ፣ አንዲት አሮጊት ከባጃጅ ወርደው አጥሩን በእጃቸው እየዳበሱ መጡ። እትዬ አንጓች ነበሩ። የዓይን ሞራ እንደያዛቸው ሰምቼ ነበር፤ እዚህ ደረጃ መድረሱን ግን ማንም አልነገረኝም። ብቻቸውን ነበሩ። ማንነቴን ካወቁ ተመልሰው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እማማ፣ ልያዝዎት» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። «እሺ ልጄ» አሉኝ። መስኮቱ ጋ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናግሬ ካርድ አወጣሁላቸው፤ አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ሻይ ቀዳሁላቸው፤ ዳቦም ሰጠኋቸው።

ሻዩን ፉት አሉና፣ ወንድሜ እዚህ በር ላይ ይቆም ነበር አሉ። ሰምቻለሁ እማማ አልኩ። ሚስቱ ተዝካሩን አላወጣችለትም አሉ። ሻይ ጨመርኩላቸው። ዳቦውን ቆርሰው ከበሉ በኋላ፣ ለካ ተዝካሩ ይሄ ኖሯል፣ ዛሬ ለኔም ደረሰኝ አሉ። ከዚያ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። «ያችን ሴትዮ ታውቂያት እንደሆን፣ አንጓች እግዜር ይስጥሽ ብላለች በዪልኝ።»

ስማቸውን ሳይነግሩኝ ካርድ ማውጣቴን ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ሞራው ያለው ዓይናቸው ላይ ነው፤ ጆሯቸውማ ምን ሆኖ። እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ፣ እነግራታለሁ እማማ አልኳቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉ። የምሬን ነው የምልህ፣ ለመታረቅ እንኳ በቀጥታ የማይናገር ቤተሰብ ነው ያገባሁት።

ከዚያ ወዲህ ያሉት እኔ ዘንድ ነው። የአንዱ ዓይናቸው ሞራ ተገፏል፤ አሁን ጥሩ ያያሉ፣ በተለይ የኔን ጉድለት። ጠዋት ጠዋት የአውቶቡስ ወንበርህ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ይቀመጣሉ። ማክሰኞ ሲሆን ደግሞ፣ ምነው ዘገየሽ፣ ሰው በሩ ላይ ቆሟል እኮ እያሉ ፔርሙዙን የሚያቀብሉኝ እሳቸው ናቸው።

ጳጉሜ እየመጣ ነው። ዘንድሮ አልምልም። ሙት ዓመትህ ሲያልፍም እሄዳለሁ፤ ጥርም ሐምሌም እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ካለኝ እዚያው በርጩማ ይዤ እቀመጣለሁ። መንገድ የጠፋው ሰው በሩ ላይ ባየሁ ቁጥር አንተን አስባለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የእትዬ አንጓችን መልእክት እስካሁን ለባለቤቱ አላደረስኩም። እሳቸው ለኔ ነው ያሉት፤ እኔ ግን የቆምኩት ባንተ ቦታ ነው። በዚህ ቤት ያችን ቃል የሚላት የተቀበለ ሰው ብቻ ነው ብለኸኝ ነበር። ካንተ እንደኔ የተቀበለ የለም።

ይስማው፣ እግዜር ይስጥህ።

ያንተው ዘነቡ
ደብረ ማርቆስ