ሳይነካ ስለተገዛው ቀይ ጊታርና ስለ ጋሽ ተፈራ ስንብት

ለክቡር አቶ አበባው ደምሴ
የዋርካው ኪነት ማኅበር ሊቀ መንበርና የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መርሳ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ ስርዝ ድልዝ እንደሌለበት ሰነድ የተስተካከለ፣ ቤተሰብዎ ደኅና፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የጸና እንዲሆን ምኞቴ ነው። እኔ በዋናው መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ የምሸጥ፣ በማኅበሩ መዝገብም ተራ አባል ተብዬ የሰፈርሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ጉዳዩን በማመልከቻ መልክ ሦስት ጊዜ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቼ፣ ጥጉ ላይ በእጅዎ ከተጻፈው «ይታያል» ከሚለው ቃል በቀር መልስ ስላላገኘሁ ነው። ለቃሉ አመሰግናለሁ፤ የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ማኅበራችን በሠርግ፣ በምረቃና በበዓል የሚጫወት ባንድ አለው። የባንዱ ኤሌክትሪክ ጊታር በጦርነቱ ጊዜ ከሌላው ዕቃ ጋር ስለጠፋ፣ ጊታር ተጫዋቻችን ጋሽ ተፈራ ሥራ በተገኘ ቁጥር ከወልድያ እየተከራዩ ሲሠሩ ቆይተዋል። ጋሽ ተፈራ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አምባሰልን በጊታር ሲጫወቱ የሰማ ሰው ለምን እንደምንሳሳላቸው ያውቃል። ጣቶቻቸው ብርድ ሲነካቸው ስለሚያብጡ፣ አንገቱ ቀጠን ያለና ገመዱ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ጊታር ካልሆነ አይሆንላቸውም። አምና ማኅበሩ አዲስ ጊታር በኢንተርኔት እንዲገዛ ሲወስን ጋሽ ተፈራ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። በቴሌግራም የሚሸጠው ነጋዴ አዲስ አበባ ሱቅ ስላለው፣ በራሳቸው ወጪ አንድ ቀን ሄደው ጊታሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንዲሞክሩት ነበር ልመናው። እንግዳ ጥያቄ አልነበረም። በገበያችን በግ የሚገዛ ሰው ወገቡን ሳይዳብስ አይከፍልም፤ ከእኔ ሱቅ ካንዴላ የሚገዛ ሾፌር እንኳ ገጥሞ ሳያስነሳ ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ እገባለሁ፤ ወይም እርስዎ ደስ እንዲልዎ ወደ ምስጋናዬ።

አንደኛ፤ ለጋሽ ተፈራ የሰጣችሁት የጽሑፍ መልስ ተጠብቆ ሊቀመጥ የሚገባው ነው። «ዕቃውን የሚጠቀምበት ግለሰብ በምርጫው ላይ መገኘቱ የጥቅም ግጭት ስለሚያስከትል ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ። ኮሚቴው ጊታር ይዘው የማያውቁትን እርስዎን፣ ጊታር ይዘው የማያውቁትን ገንዘብ ያዣችንን ወይዘሮ አልማዝን፣ ጊታርን ከፎቶ በቀር የማያውቀውን የፎቶ ቤት ባለቤት ዓለምነህን ያቀፈ በመሆኑ፣ ከሦስታችሁ አንዳችሁም በጊታር ዕውቀት ልትጠረጠሩ የምትችሉበት መንገድ አልነበረም።

ሁለተኛ፤ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የተነበበልን የነጥብ አሰጣጥ ነው። ለዋጋ አርባ፣ ለቀለም ሠላሳ፣ ለግርማ ሞገስ አሥራ አምስት፣ ለድምፅ አሥራ አምስት ተመደበ። ድምፅ ከፎቶ ሊሰማ ስላልቻለ፣ ማንም እንዳይበደል በማለት ለውድድር የቀረቡት ሦስት ጊታሮች ሁሉ አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት አገኙ። ጥቁሩ ለቅሶ ይመስላል ተብሎ ወደቀ፤ ነጩ ይቆሽሻል ተባለ፤ ቀዩ አለፈ። ሻጩ በራሱ ተነሣሽነት ቀዩ ጊታር ሲመታ የሚያሳይ የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ልኮላችሁ ነበር፤ ስብሰባው እንዳይረበሽ ድምፁን አጥፍታችሁ ተመለከታችሁት። ለስብሰባ ያላችሁ አክብሮት ለሙዚቃ ካላችሁ አክብሮት እንደሚበልጥ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፤ በዚያ ድምፅ አልባ ቪዲዮ ላይ ያለው ሰው የጊታሩን አንገት በቀኝ እጁ ይዞ ገመዱን በግራው ይመታል። ወይዘሮ አልማዝ ይህን አይተው የእኛ ተፈራ እንዲህ አይደለም እኮ የሚይዘው ብለው ጠይቀዋል፤ መጠየቃቸው በቃለ ጉባኤው ሰፍሯልና እግዜር ይስጣቸው። ዓለምነህ በሙያው መልስ ሰጠ። በስልክ የፊት ካሜራ የተነሣ ሰው ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ እንደሚወጣ፣ በዚህም ሰበብ ስንት ሙሽራ እንደተጣላው ተረከ። ማብራሪያው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በጊታሩ ራስ ላይ የተጻፈው የፋብሪካው ስም ግን አልተገለበጠም ነበር፤ ፊደሎቹ በትክክል ይነበባሉ። ቪዲዮው ዛሬም በማኅበሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ ስላለ ማንም ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ምስሉ አልተገለበጠም። የገዛችሁት ለግራኝ ተጫዋች የተሠራ ጊታር ነው፤ ዋጋው ከሁለቱ የረከሰውም ፈላጊ ስለሌለው ነው።

አራተኛ፤ ጊታሩን የጫነው አውቶቡስ ውርጌሳን አልፎ፣ በመርሳ መሃል በጽሕፈት ቤታችሁ ደጃፍ፣ እንዲያውም በእኔ ሱቅ ፊት አልፎ ወልድያ ገባ። ሦስታችሁም በማግሥቱ ለርክክብ ወልድያ ሄዳችሁ፣ አበል ወስዳችሁ፣ ይዛችሁት ተመለሳችሁ። ስለ ድካማችሁ አመሰግናለሁ።

እስከዚህ ያለው በሳቅ ሊታለፍ የሚችል ነው፤ እኛም ስቀን አልፈነው ነበር። ከዚህ በታች ላለው ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም።

ካርቶኑ በተከፈተ ዕለት ጋሽ ተፈራ ጊታሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ አገላበጡት፤ ወደ ካርቶኑም መለሱት። እርስዎ ይለመዳል አሉ። በሳምንቱ ከሱቄ አጠገብ ወዳለው ጋራዥ አስመጡትና መካኒኩን የቀኝ መሪ መኪና ወደ ግራ ታዞሩ የለም ወይ ብለው ሲጠይቁት ቆሜ ሰምቻለሁ። መካኒኩ ጨዋ ልጅ ነው። «አዞርልዎታለሁ፣ ጋሼ፤ ከዚያ በኋላ ለሚሄድበት መንገድ ግን እኔ የለሁበትም» አለዎት። ገመዶቹን ፈትቶ በተቃራኒው አሰራቸው። ወፍራሙ ገመድ ለቀጭኑ በተቀደደው ቦይ ላይ ሳይገባ ተንጠለጠለ፤ ቀጭኑ በወፍራሙ ቦይ ውስጥ ይንከራተት ጀመር። ወደ ታች መሆን የነበረባቸው የድምፅ ቁልፎችም ወደ ላይ ወጥተው ልክ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተቀመጡ።

እንዲህ ሆኖ በተዘጋጀ ጊታር ጋሽ ተፈራ ውርጌሳ ሠርግ ላይ እንዲጫወቱ ታዘዙ። ክንዳቸው ቁልፉን እየነካ በዘፈኑ መሃል ሁለት ጊዜ ድምፁ ድርግም አለ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ከእድምተኛው አንዱ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለ፤ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ተፈራም አብረው ሳቁ። ከዚያ ምሳ ሲቀርብ ጠግቤያለሁ ብለው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። አርባ ዓመት በሠርግ ላይ የተጫወቱ ሰው በሠርግ ላይ ሳይበሉ ሲመለሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን የጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ደረሳቸው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ራስዎን ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ያላምዱ ይላል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ይኸኛው ባለመላመድዎ በራስዎ ፈቃድ ሥራዎን እንደለቀቁ ተቆጥሯል፣ ማኅበሩ እስካሁን ላበረከቱት አገልግሎት ያመሰግናል ይላል። ማኅተሙ ደማቅ ነው።

ጋሽ ተፈራ ጊታሩን ለመመለስ በተዘጋጁ ጊዜ ገመዱን እንደተሠራበት አስተካክለን እንመልስ፣ የሰው ዕቃ አበላሽቶ መመለስ ነውር ነው አሉ። ይህን ያደረጉት በሱቄ የጓዳ ክፍል ውስጥ ነበር። አብራቸው ሃና ነበረች። ሃና ግራና የምትባለው የጎረቤት ከተማ ልጅ ናት፤ መርሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ከእሳቸው ዘንድ፣ በሚከራዩት ጊታር እየተለማመደች፣ አራት ዓመት ተምራለች። ገመዱን አስረው ሲጨርሱ እስቲ ድምፁን ስሚው ብለው ሰጧት። እሷም ሳታስበው፣ ጊታሩ ራሱ እንደመራት፣ በግራዋ ልትመታው አንገቱን በቀኝዋ ያዘች። ጣቶቿ ቦታቸውን ለማግኘት ጥቂት ተሳሳቱ እንጂ የሚመታው ግራ እጅዋ አንድም ጊዜ አልዘገየም። የትዝታን መግቢያ ተጫወተች። እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን እጄ ላይ የነበረውን ፍሬን ሸራ አስቀምጬ ነው የሰማኋት። ከዚያ ድንገት አቆመችና ጥፋት የሠራች ይመስል ጊታሩን ከጭኗ አወረደችው።

ሃና ግራኝ ሆና ነው የተወለደችው። እናቷ በግራ እጅ መብላትና ማጉረስ ነውር ነው ብለው፣ ሰው እንዳይስቅባት ሲሉ፣ እስከ ሰባት ዓመቷ ድረስ ግራ እጇን በነጠላ ቁራጭ እያሰሩ ቀኟን አስለመዷት። አልፈርድባቸውም፤ በዚህ አገር ስንታችን እንዲህ እንዳደግን እናውቃለን። ጋሽ ተፈራ ግን ይህን አያውቁም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ቀኝ እጅሽ ሰነፍ ነው እያሉ ሲቆጧት ኖረዋል።

«አንድ ቀን እንኳ የትኛው እጅ ነው የሚቀናሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም» አሏት።

«እኔስ መች ነገርኩዎት፣ ጋሼ?» አለች።

ጋሽ ተፈራ ጊታሩን አንሥተው ጭኗ ላይ መለሱላት።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ወሬው በማግሥቱ ከእርስዎ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ በአድናቆት ተከታትያለሁ። የግዢው ቃለ ጉባኤ እንደገና ተተይቦ፣ ኮሚቴው ግራኝ ተጫዋቾችን ተጠቃሚ ለማድረግ አስቀድሞ በማቀድ ጊታሩን እንደመረጠ የሚገልጽ አንቀጽ ገብቶበታል። የዓለምነህ የካሜራ ትምህርት ከውስጡ ወጥቷል፤ የወይዘሮ አልማዝ ጥያቄም አብሮ ወጥቷል። ለሃና የጊታር ተጫዋችነት ውል ተዘጋጅቶላታል። ሦስት ሳምንት ለቀረው የወልድያ ዝግጅት ፎቶዋ ከቀዩ ጊታር ጋር ተነሥቶ በማስታወቂያ ላይ ተለጥፏል። ስሕተታችሁን አንዲት ልጅ በእጇ ይዛ ታስተካክልላችሁ ዘንድ ወደ መድረክ ልትልኳት ነው። ጋሽ ተፈራ ግን አሁንም በራሳቸው ፈቃድ እንደለቀቁ ናቸው።

ልጅቱ በመጨረሻ የእጇን ስላገኘች ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን ግን ከሐዘኔ ልለየው አልቻልሁም። ጋሽ ተፈራ ራሳቸው ፈርሚ፣ ዕድልሽ ነው፣ እኔን አትይ ይሏታል። እሷ እሳቸው ካልተመለሱ አልፈርምም ትላለች። በየማታው በጓዳዬ ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እሳቸው የሚይዙት ጊታር ስለሌላቸው በባዶ እጃቸው ጣቶቻቸውን በአየር ላይ እያስቀመጡ ያሳይዋታል፤ እሷም ጽሕፈት ቤትዎ ለልምምድ ብሎ የሰጣትን ቀዩን ጊታር ይዛ ፊት ለፊታቸው እንደ መስታወት ትከተላለች። ከገመዱ የሚወጣው ድምፅ የእሷ ነው፤ ያስተማሯት እጆች ግን ምንም አልያዙም። ይህን እያየሁ ሱቄን መዝጋት ይከብደኛል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የስንብቱ ደብዳቤ ይሻር። ጋሽ ተፈራ የባንዱ አስተማሪና ጊታር ተጫዋች ሆነው ይመለሱ። ለእሳቸውም አንድ ጊታር ይገዛላቸው፤ ከመገዛቱ በፊት ግን ይንኩት። ከወልድያው ዝግጅት በፊት ይህ ካልሆነ፣ ከአባላት የሰበሰብሁትን የአርባ ሦስት ሰው ፊርማ ይዤ አስቸኳይ ጉባኤ እንዲጠራ ለመጠየቅ እገደዳለሁ። መተዳደሪያ ደንቡ የሚጠይቀው አርባ ነው።

ለማኅበራችን ስለደከሙት፣ ስለሰበሰቡት፣ ስለፈረሙትና ስላተሙት ሁሉ ከልብ እያመሰገንሁ፣ የሥራ ዘመንዎ ሕጉ ከሚፈቅደው በአንዲት ቀን እንኳ እንዳያጥር፣ በአንዲት ቀንም እንዳይረዝም የምመኝ፣ ለወንበርዎ ታዛዥ፣

ገበየሁ ዓለሙ
የመኪና መለዋወጫ ነጋዴና የማኅበሩ ተራ አባል
መርሳ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከው መልእክተኛ፣ ሃና ውሉን በግራ እጇ ብትፈርምም ኮሚቴው ተቃውሞ እንደሌለው ነግሯት ሄዷል። ስለ ፈቃዳችሁ እንዳመሰግንላት አደራ ብላኛለች። በሁለቱም አልፈረመችም።