የእማዬ ወንበር ቁመት

ጥር 6
እንጨት ስልግ ዋልኩ። ማታ ስለ መኪናው ተነሳ... እንደገና። መግዛቱ ቁርጥ ነው፣ የትኛውን እንደሆነ ነው ያልተቆረጠው። ባለቤቴ የኋላ እቃ መጫኛው ሰፊ ይሁን ትላለች። ልጄ ስክሪን ያለው። ወንድሜ ሹፌር ነው፤ "ሞተሩን እይ፣ ሌላው ጌጥ ነው" ይላል። ሁሉም ልክ ናቸው። እማዬን ግን ማንም አልጠየቃት። እኔም ብሆን።

ጥር 7
ጠየቅኳት። "የትም የማልሄደውን እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?"
ጉልበቷ እምቢ ካለ ወዲህ አንዴ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰው ተሸክሞ አስገባት። "እንደ ጆንያ" ትላለች እስከ ዛሬ። ከዚያ ወዲያ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ታላቅ እህቷ አልጋ ይዛለች፣ በስልክ ብቻ ነው የሚገናኙት። እንዲሁ ሳይተያዩ ቢቀሩስ?

ጥር 9
እማዬ ከአንድ ወንበር በቀር ሌላ ላይ አትቀመጥም። እኔ ነኝ ከእንጨት የሠራሁላት። ማንም ሳይደግፋት ተቀምጣ ማንም ሳይደግፋት ትነሳለች። ታዲያ የመኪና መቀመጫስ ወንበር አይደል? ቁመቱን በሲባጎ ለክቼ ቋጠርኩበት።
ከወንድሜ ጋር መኪና መሸጫ ሄድን። ዓይን አዋጅ ነው። እሱ ኮፈን ያስከፍታል፣ እኔ በየበሩ ተንበርክኬ ሲባጎዬን እዘረጋለሁ። ሻጩ፣ "ምን ጠፋብዎት ጋሼ?" ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ። "ተወው፣ አናጢ ነው፤ ለመኪናው ቁም ሳጥን ሊሠራለት ነው።"
ይሳቅ። የነጯ መኪና መቀመጫ ልክ ቋጠሮው ላይ አረፈ።

ጥር 10
ሻጩ ደግ ሰው ነው፣ ነጯን በራችን ድረስ አመጣልን። እማዬ በስንት ልመና ወጣች። ተቀመጠች... መነሳት አቃታት።
ለካ ስፖንጁ ይሰምጣል። እኔ የለካሁት ሰው ሳይቀመጥበት ነው። እንጨት አይሰምጥማ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። እጄን ብዘረጋላት ገፋችው። በሩን ይዛ ታግላ፣ ታግላ ወጣች።
"አንተ ልጅ፣ እንጨት ብቻ ነው የምታውቀው።"
ግን ስቃ ነው። ቀጥሎ ወደ ሻጩ ዞር ብላ፣ "ትንሽ ከፍ ያለ የለህም?" አለችው። ራሷ ጠየቀች!

ጥር 13
ግራጫዋን ገዛን። መቀመጫዋ ከቋጠሮው አራት ጣት ከፍ ይላል፣ ከበሩ በላይም የእጅ መያዣ አላት። እማዬ ሦስቴ ገብታ ሦስቴ ወጣች። ስክሪን የለም፣ ልጄ አኩርፋለች። መጫኛው ጠባብ ነው። ባለቤቴ አየችውና፣ "ለእቃ ጋሪ አይጠፋም" አለች። ይቺን ሴት ማግባቴ! ወንድሜም ሞተሩን አይቶ፣ "ምንም አይልም።" ከሱ አፍ ይሄ ምርቃት ነው።

ጥር 15
አክስቴ ቤት ሄድን። እማዬ ጋቢና። ደርሰን በር ልከፍትላት ስዞር ከፍታ እግሯን አውርዳለች። "ዞር በል" አለችኝ። መያዣውን ጨብጣ ቀና አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።
አክስቴ ከአልጋዋ ሆና መኪናው ሲቆም በመስኮት አይታለች። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ አክስቴ፣ "ማን አወረደሽ?"
"ማን ያወርደኛል!"
"የማን መኪና ነው?"
እማዬ እኔን አየችኝ። ደረቴን ነፋ አድርጌ ጠበቅኩ።
"የኔ" አለች።
በሷ ልክ የተገዛ ነው፣ ውሸት የለበትም። ስንመለስ፣ "መኪናዬን ቀስ አድርገህ ንዳ" አለችኝ። ቀስ አድርጌ ነዳሁ።