ቡስቱን ከሰባት ወደ ዘጠኝ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 4፣ 1999

ኮምፕሬሽኑ፣ ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበት ኃይል፣ ደህና ነው! አራቱም ሲሊንደሮች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ብሩክ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በቦታቸው ጌጁን፣ መለኪያውን፣ ሲያስገባ እኔ ቁልፍ አዞርኩ። ብሩክ የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው፤ ከእኔ የባሰ የመኪና እብድ። «አሮጊቷ ጤነኛ ናት» አለ። አሮጊት ያላት መኪናዬን ነው። ሞተሯም ቱርቦዋም ፋብሪካው እንደሠራቸው ናቸው።

ቱርቦው አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋበት ግፊት፣ ቡስት የምንለው፣ ሰባት ፓውንድ ላይ ነው። ትንሽ ላሳድገው ነው። ለምን? በየማለዳው ከስቶን ማውንቴን እናቴን ይዤ ቱ ኤይቲ ፋይቭ ሀይዌይ ላይ ስገባ ከባድ መኪኖቹ መንገድ አይሰጡኝም። ይሄ ለሰው የምናገረው ምክንያት ነው። እዚህ ግን ምን ያስዋሸኛል፣ ቱርቦው ሲነሳ ወንበሩ ጀርባዬን ሲገፋኝ ደስ ስለሚለኝ ነው።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሞተሩ ቢቃጠል ሁለታችንም ከሥራ ቀረን። እናቴን ዱሉዝ፣ የምትሠራበት መጋዘን ድረስ የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። እኔም ማሪዬታ፣ ቢሮዬ ድረስ በእግሬ አልሄድ።

ማክሰኞ

አዲስ ካንዴላ ገባ። የቤንዚን ፊልተር ተቀየረ። ዘይትም። ታንኩ ውስጥ ፕሪሚየም፣ ውዱ ቤንዚን፣ ብቻ ነው። የቡስት ጌጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሰርኩት፤ ትንሽ ተጣሟል፣ ግን ይነበባል።

ቡስት ኮንትሮለር የሚሉትንም አስገባሁ፤ ትንሽዬ ቫልቭ ነው። ከቱርቦው ትርፉን ጭስ ወደሚያስወጣው በር በሚሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ መሀል ይገባል። ብሎኑን ስታጠብቂው በሩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ግፊቱ ይጨምራል። በቃ።

ለራሴ ያወጣሁት ሕግ፦ አንድ ፓውንድ ብቻ በአንድ ጊዜ። ጠጠር ጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ፣ የሞተር መጎዳት ምልክት፣ ከሰማሁ ወዲያው እግሬን ማንሳት። እናቴ መኪና ውስጥ እያለች ምንም ሙከራ የለም። ከዘጠኝ አላልፍም።

«አስራ ሁለት ትችላለች ባክሽ» አለ ብሩክ።

«ፒስተኑን አንተ ትገዛልኛለህ?» አልኩት። ሳቀ።

ረቡዕ

ከሥራ መልስ ሰው የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ አገኘሁ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሙሉ መርገጥ። የቡስት ጌጁ መርፌ ስምንት ላይ ወጥታ ቆመች። ሬድዮ ዘግቼ፣ መስኮት ከፍቼ አዳመጥኩ። ምንም የሚንኳኳ ነገር የለም። ካንዴላ ፈትቼ አየሁ፤ ንጹህ ነው። ብሎኑን ትንሽ አጠበቅኩ፣ እንደገና ሞከርኩ። ዘጠኝ! አልሐምዱሊላህ። ብቻዬን ጮህኩ። መኪናዋ ሌላ መኪና ሆናለች። ቤት ስገባ እናቴ «ምን አስደሰተሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ሐሙስ



ጠዋት ከእናቴ ጋር ሀይዌይ ልንገባ ስንል ከጎን አንድ ትልቅ ትራክ መጣ። መጠበቂያ ቦታ አልነበረም፤ ረገጥኩ። መርፌዋ ዘጠኝን አለፈች፣ አስርን አለፈች፣ ወደ አስራ ሦስት ስትሄድ አየኋት። እግሬን ከማንሳቴ በፊት መኪናዋ ግንብ የመታች ያህል ድንገት ያዝ አለች። ሁለታችንም ወደ ፊት ተወረወርን፣ ቀበቶው ያዘን። እናቴ «ያ ረቢ!» አለች። ትራኩ ጥሩንባውን እየነፋ በጎናችን አለፈ። ሞተሩ አልጠፋም። በዝግታ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው፣ ዱሉዝ ደረስን።

እዚያ ፓርክ አድርጌ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቀጭኑ ቱቦ ከቫልቩ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ማሰሪያ አላደረግኩለትም ነበር፣ በእጄ ብቻ ነው የገፋሁት። ቱቦው ሲወልቅ በሩ ጭራሽ አልተከፈተም፣ ግፊቱም ወጣ።

እናቴ አጠገቤ ቆማለች። «ምን ሆነ?»

«እኔ ነክቼው ነው እማ። ፈጣን እንድትሆን ብዬ።»

ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። «ሞተሩ አለቀ?»

«አላውቅም።»

ቦርሳዋን ይዛ ወደ መጋዘኑ ገባች። ዞር አላለችም።

ከቢሮ ለብሩክ ደወልኩ። ድንገት ያዝ ያለችው የመኪናዋ ኮምፒውተር ግፊቱ ሲበዛበት ቤንዚን ቆርጦ ነው አለኝ፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል ነው። «እሱን የሚያታልል ዕቃ አለ፣ ላምጣልሽ?»

«ያዳነኝን ነገር ነው የማታልለው?» ብዬ ዘጋሁበት። ተናድጄ ነበር። በማን እንደሆነ አውቃለሁ።

አርብ

እናቴ አብራት ከምትሠራው ከራሂማ ጋር ሄደች። «አንቺ መኪናሽን አሠሪ» ብቻ አለችኝ።

ማታ ላይ ብሩክ መጣና የኮምፕሬሽን ጌጁን አወጣ። አንደኛው ሲሊንደር ደህና። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ መርፌዋ ግማሽ ደርሳ ቀረች።  ፒስተን፣ ሥራ፣ እናቴ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። ብሩክ ጎንበስ ብሎ አየና «ቆይ፣ ቆይ፣ ጌጁን አላጠበቅኩትም» አለ። አጠበቀው። ቁልፍ አዞርኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

«እንደ ሰኞው ነው! ሀናን፣ እንደ ሰኞው ነው!»

አራተኛውም ደህና። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ

አዲስ ቱቦ፣ በየጫፉ የብረት ማሰሪያ። በሙሉ ጉልበቴ ጎተትኩት፣ አልወለቀም። ከሰባት ጀምሬ ሁሉንም እንደ አዲስ ሞከርኩ፣ ብቻዬን። ዘጠኝ ላይ ትቆማለች፤ አቀበት ላይም፣ ሞተሩ ሲግልም።

ከዚያ እናቴን ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቱቦውን፣ በሩን፣ ቤንዚን የሚቆርጠውን። የወለቀውን ቱቦ አገላብጣ አየችው።

«እኔ መኪናዋን አልፈራሁም» አለች። «‹ምንም› ስትይኝ ነው የከፋኝ። የምቀመጥበትን ነገር ስትነኪ ንገሪኝ። አላህ ይሰውረን።»

«እሺ እማ።»

«ሰኞ ካንቺ ጋር ነኝ። ራሂማ ብሬክ አታውቅም።»

ሰኞ፣ ኦክቶበር 11

ሀይዌዩ መግቢያ ላይ «እማ፣ አሁን ልረግጥ ነው» አልኳት።

«ቢስሚላህ በይና ርገጪ።»

ረገጥኩ። ወንበሩ ገፋን። መርፌዋ ዘጠኝ ላይ ወጥታ ቆመች፣ አልተንቀሳቀሰችም። ከቱርቦው ፉጨት ሌላ ድምፅ የለም። መሀል መንገዱ ላይ ገብተን እግሬን አቀለልኩ። «አየሽ እማ?» ልላት ዞር ስል ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች።

ዱሉዝ ስንደርስ ለመቀስቀስ ሳሳሁ። የሥራ ሰዓቷ ገና ነው። ዘይቱ እየዞረ ቱርቦው ይብረድ ብዬ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆየሁ፤ እሷም ትንሽ ትተኛ።