ከአሥራ አንዱ ማንን ልሰርዝ?

ዙሪክ፣ አፎልተርን
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር የደንበኞች ብድር አቅም መርማሪ ክፍል ኃላፊ
የክሬዲት ካርድ ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ጄኔቫ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ (ካሉዎትና በቅጽ ላይ ለመሙላት ከደፈሩ)፣ እንዲሁም አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ እያለች ሁለት ወር ሙሉ ስታስተናግደኝ ለከረመችው ትዕግሥተኛ የስልክ ማሽንዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪና ለመሥሪያ ቤትዎ ይሁንና፣ ባለሁበት አለሁ፤ ወደየትም መንቀሳቀስ አልተቻለኝም።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌን ከድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በጀርመንኛ ሦስት ጊዜ፣ ልጄ ሳራ እያረመችልኝ በፈረንሳይኛ አንድ ጊዜ ጽፌልዎ ለአራቱም አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳትጨመር ሳትቀነስ አንድ ዓይነት መልስ ስለደረሰኝ፣ በመካከላችን ያለው ችግር የቋንቋ አለመሆኑን ተረድቻለሁ። በአማርኛ ብጽፍ እንግዲህ ለእርስዎ የሚጎድልብዎ ነገር የለም፤ ለወገኖቼ ግን መማሪያ ይሆናቸዋል። አንዱን ቅጂ እዚህ ዙሪክ ላንግሽትራሰ ጎዳና ላይ ያለው የበርበሬ ሱቅ ባለቤት በሩ ላይ ሊለጥፍልኝ ተስማምቷል፤ ያን ሰፈር ሲያልፉ ጎራ ብለው ቢያነቡት ደስ ይለዋል።

ንዋይ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ ትራም በሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ካርድዎን አሥራ አራት ዓመት በኪሴ ስይዝ አንድም ወር ክፍያ አሳልፌ አላውቅም። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ይህንን የማነሳው ለጉራ ሳይሆን ቅጽ ሲሰጠኝ ለምን እንደማልቀልድ እንዲረዱልኝ ነው፤ ባዶ ቦታ የተተወበት ቅጽ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ከእኔ መስኮት ተመልሶ ይሄድ ነበር።

በነሐሴ ወር መረጃዎን ያድሱ የሚል ባለ አራት ገጽ ቅጽ ላኩልኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የሚያስተዳድሯቸው ሰዎች ብዛት የምትል ጠባብ ሳጥን ነበረች። እኔ ባደግሁበት አገር አንድ ሰው ለዋስትና ሲፈለግ ስንት ቤተሰብ በእጁ እንዳለ ይጠየቃል፤ ብዙ ሰው የሚጦር ይታመናል፤ ይህን ሁሉ ሰው ጥሎ የት ይሄዳል ይባልለታል። በዚሁ ልማድ ተመርቼ አሥራ አንድ ብዬ ሞላሁ። ሳጥኗ ስለጠበበችኝም በሌላ ወረቀት ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ዝምድናቸውን ዘርዝሬ፣ የየአንዳንዳቸውን ፎቶግራፍ አያይዤ፣ ከግርጌው ፈርሜ ላክሁልዎ። ባለቤቴን ማርያማዊትንም፣ እነዚህ ሰዎች ይህን ሲያዩ እምነታቸው ይጨምራል ብያታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት የብድር ጣሪያዬ ከዘጠኝ ሺህ ፍራንክ ወደ ዘጠኝ መቶ ወረደ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ አበው፤ እነሆ መሽቶብኝ እርስዎ ደጅ አድሬአለሁ።

አቤቱታዎቼን፣ ጊዜዎን ላለመሻማት፣ በቁጥር አስቀምጬአቸዋለሁ።

፩. ስለተደረገልኝ ጥበቃ። ጣሪያዬ የወረደው እኔኑ ከዕዳ ጫና ለመጠበቅ መሆኑን፣ አሥራ አንድ ሰው የሚያስተዳድር ደንበኛ የመክፈል አቅሙ አጠራጣሪ መሆኑን በደብዳቤዎ ገልጸውልኛል። እንዲህ የሚጨነቅልኝ ሰው እናቴ ከሞተች ወዲህ አላገኘሁም። ይሁንና ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በሰዓቱ ስከፍልዎ በኖርኩባቸው አሥራ አራት ዓመታትም በእጄ ነበሩ፤ አዲሱ ነገር የእርስዎ ማወቅ ብቻ ነው።

ጥበቃዎ መድረሱን ያወቅሁት ግን ከደብዳቤው በፊት ነው። ታላቅ እህቴ የሻረግ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናታችን ስትሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋች አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለዚህ አበቃችኝ። ዛሬ የልቧ ቫልቭ ተበላሽቶ ከአልጋዋ እስከ በሩ ለመድረስ ግድግዳ ትይዛለች። ሐኪሞቿ እስከ ጥር መጨረሻ ካልተቀየረ ከዚያ ወዲያ ልቧ ቀዶ ጥገናውን እንደማይችለው ነግረውናል። ሕንድ አገር የሚገኝ ሆስፒታል ሊቀበላት ፈቀደ፤ የጥሪ ደብዳቤ የሚልክላት ግን ሰባት ሺህ ፍራንክ ቀብድ በካርድ ሲከፈል ነው፤ ያለ ጥሪው ደግሞ ቪዛ የለም። ሳራ ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጥሮቹን እየጻፈችልኝ፣ እኔ ካርዱን በሁለት እጄ ይዤ ሳለሁ ክፍያው አልተሳካም የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ሦስት ጊዜ ሞከርን። ልጄ እኔን ላለማየት ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ አልነቀለችም፤ እኔም አፍሬ ሽንት ቤት ገባሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከዚያ በአራተኛው ቀን ነው።

ሌላ ባንክ ለምን አልሄደም ይሉ ይሆናል። ሄጃለሁ፤ ጣሪያዬ የወረደበት ምክንያት ባንኮች ሁሉ በሚያዩት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። እዚህ ያለው የአገር ልጆች ማኅበራችንም ለአውሮፕላን ትኬቷና ለማረፊያዋ አዋጥቶልኛል፤ ከዚያ በኋላ በየኪሳቸው ምን እንደቀረ ስለማውቅ ዳግመኛ እጄን ልዘረጋባቸው አልቻልኩም።

፪. ስለ መስተንግዶዎ። የአንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው የባቡር ጉዞ ተጉዤ ጄኔቫ ድረስ መጥቼ ነበር። ሕንፃዎ በእውነት የሚያኮራ ነው፤ ደንበኛ የሚነጋገርበት መስኮት አለመኖሩ ደግሞ ንጽሕናውን ጠብቆለታል። ዘበኛው ቢቸግረው አንድ ወጣት ሠራተኛ ከላይ ጠራልኝ። ደረቱ ላይ ሉቃስ የሚል ስም የለጠፈ ትሑት ልጅ ነው፤ እባክዎ እንዳይቀጡት። የላክኋቸውን ፎቶግራፎች ማየቱን ነገረኝ፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረው እንደነበርና ሰው ሁሉ ቆንጆ ቤተሰብ ነው እንዳለ ሲነግረኝ ጆሮው ቀላ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቁጥሩ ወደ ሁለት ቢወርድ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ጣሪያውን እንደሚመልስልኝ አጫወተኝ። የመጀመሪያው ቁጥር ስህተት ነበር ብል አይሆንም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ያን ጊዜ ሐሰተኛ መረጃ ፈርመዋል ተብሎ ካርዱ ጭራሹን ይዘጋል አለኝ። እውነት ጻፍኩ፣ ተቀጣሁ፤ ውሸት ነበር ብል እባረራለሁ። በሩን በሁለቱም በኩል እንዲህ አሳምሮ የቆለፈውን አናጢ ባገኘው እጁን በጨበጥኩት ነበር።

ከዚያ ስወጣ እዚያው ጄኔቫ ሻትሌን ሰፈር የሚኖር አንድ የአገሬ ሰው ምሳ ጋበዘኝ። ስሙን ልነግርዎ አልችልም፣ የተመሰገነ ደንበኛዎ ነውና። የሚጦራቸው ዘጠኝ ናቸው፤ በቅጽዎ ላይ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ዜሮ ሲጽፍ ኖሯል፤ ጣሪያውም አሥራ አምስት ሺህ ነው። አሥራ አንድ ብዬ መጻፌን ስነግረው ሹካው አፉ ጋ እንደደረሰ ቆመና፣ ፎቶም ላክህ፣ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው ሹካውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ግን አለቀስኩ።

፫. ስለ ማስተካከያ ቅጹ። ሉቃስ የሰጠኝ ቅጽ አንድን ሰው ከቁጥሩ ለማውጣት ሦስት ምክንያት ብቻ ይቀበላል፤ ሞት፣ ፍቺ፣ ራስን መቻል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተተረጎመ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ለሦስተኛው ደግሞ ለዚያ ሰው ገንዘብ አለመላኬን የሚያሳይ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ማቅረብ አለብኝ። እንግዲህ እህቴን ለማሳከም እህቴን እንደማልረዳት ማስመስከር፣ ለዚያም እስከ ግንቦት ሳንቲም ሳልልክላት መቆየት ይጠበቅብኛል ማለት ነው። ሐኪሞቹ የሰጡን እስከ ጥር ነው። ክቡርነትዎ በሒሳብ ከእኔ ስለሚበልጡ ይህ እንዴት እንደሚደመር ቢያሳዩኝ ውለታዎን አልረሳም።

፬. ስለ ምርጫው። መመሪያዎን ላለመጣስ ብዬ ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ማንን ልሰርዝ እንደምችል በቅን ልቦና መርምሬአለሁ። ማርያማዊት ወገቧን ከታመመች ወዲህ ሥራ አቁማለች፤ ነገሩን ስትሰማ በወረቀት ከሆነ እንፋታ፣ ብቻ ሽንኩርት መክተፍህን እንዳትተው አለችኝ፤ ሃያ አራት ዓመት የኖርንበትን ትዳር እንዲህ በቀላሉ ለግሳኛለች። ሳራ ትምህርቷን አቋርጣ ሥራ ልትገባ ተነሳች፤ አባ፣ ለምን መጀመሪያ አልጠየቅከኝም፣ እዚህ ኮ ፎርሙላር ላይ እንደዛ አይጻፍም ብላ ተቆጣችኝ፤ ልጅ አባቷን ስትቆጣ ትክክል ሆና መገኘቷ ያማል። የወንድሜ የደጀኔ ሚስትና ሦስት ልጆቹ አሉ፤ ደጀኔ ራሱ ሞቷል፣ ነገር ግን በዝርዝሩ ላይ ስላልነበረ ሞቱ አይቆጠርልኝም። ትንሹ ልጁ የዘጠኝ ዓመት ነው፤ ራሱን ችሏል ብዬ ብጽፍ ጫማ ማሰር ገና መቻሉ ነው። አክስቴና ባሏ ሁለቱም ሰማንያን አልፈዋል፤ እነርሱን በተመለከተ ትንሽ ታገሥ የሚል ሐሳብ ሽው ሲልብኝ ራሴን ጠላሁ። ለዚህ ሐሳብ ያበቃኝን ቅጽ ያዘጋጀውን ባለሙያ እግዚአብሔር ይይለት።

ወይዘሮ ዝናሽ ዘመዳችን እንኳ አይደሉም፤ የየሻረግ ጎረቤት ናቸው። እሳቸውን መሰረዝ ይቀል ይሆናል ብዬ ነበር። ነገር ግን የእህቴ ልጅ እድላዊት ሥራ ስትውል መድኃኒቷን የሚያውጧት፣ ትራሷን ከፍ የሚያደርጉላት እሳቸው ናቸው። እድላዊትም ራሷ ደመወዟ ከቤት ኪራይ አያልፍም። አሥራ አንድ ሞላ። የትኛውንም ክር ብመዝ የሚተረተረው ያው አንዱ ጋቢ ሆነብኝ።

፭. ስለ ስጦታዎ። ጣሪያዬን በቀነሱበት ሳምንት አዲስ ደንበኛ ካመጣሁ ሃምሳ ፍራንክ እንደሚሸልሙኝ በኢሜይል አስታውቀውኛል። ላመጣልዎ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩኝ፤ ተዋውቃችኋል።

በመጨረሻም ልመናዬ አጭር ነው። ዘጠኝ ሺሁ ይመለስልኝ አልልም። ሰባት ሺህ፣ ያውም ለአንዲት ክፍያ ብቻ፣ ከጥር በፊት እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ፤ በትርፍ ሰዓት ሥራ በአሥር ወር ከነወለዱ ከፍዬ እጨርሳለሁ። ይህ ደንብ የሚጥስ ከሆነም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሥራ አንዱን ፎቶግራፍ በድጋሚ አያይዣለሁ። በቀይ እስክሪብቶ ዘጠኙ ላይ መስመር አስምረው ይመልሱልኝ። እኔ አቅቶኛል፤ እርስዎ ግን ከፎቶ በቀር አያውቋቸውምና ይቀልልዎታል።

ኩባንያዎ ከእንደኔ ያለ እውነተኛ ደንበኛ ተጠብቆ፣ ሳጥኖቹ ጠብበው፣ ማሽኖቹ ጤና አግኝተው ረጅም ዘመን እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣ በእርስዎ ጥበቃ ሥር ሆኜ መውጫ ያጣሁት፣

የዘጠኝ መቶ ፍራንክ ታማኝዎ
ንዋይ
እና አሥራ አንድ ነፍሳት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ፈርሜ ፖስታው ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ከየሻረግ የድምፅ መልእክት ስለደረሰኝ መልሼ ከፈትኩት። እድላዊት ነገሩን ሳትነግራት አልቀረችም። እህቴ ሁለት ሱባዔ ጠበል ተጠምቃ ፈጽማ እንደዳነች፣ ሕንድ መሄድ እንደማያስፈልጋት፣ ሰዎቹን አታስቸግር፣ እኔን ከወረቀቱ ፋቀኝና ገንዘቡን ለደጀኔ ልጆች አድርገው ስትል ነግራኛለች። ስለዚህ እንኳን ደስ አለዎ፤ ያለ ማስረጃ፣ ያለ ትርጉም፣ ያለ ስድስት ወር ቁጥሩ አሥር ሆኗል። ይህቺ ሴት ሃምሳ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። መልእክቱን ደጋግሜ አዳምጬዋለሁ፤ ርዝመቱ አርባ ሰከንድ ነው፤ ንግግሩ ከሃያ አያልፍም፤ የቀረው ትንፋሿ ነው።