ከአስር ስንት?

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ አዲስ ሥራ ጀመርኩ። ሥራዬ መታመም ነው። ወላሂ አልቀለድኩም። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላራ የሚገኝ የሐኪሞች ማሠልጠኛ፣ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት የውሸት በሽተኛ ይፈልጋል። ነርሲንግ የምትማረው ልጄ ነጃት ሰምታ አስመዘገበችኝ። "ዳድ፣ ኢትስ ፐርፌክት ፎር ዩ። ዩ ጀስት ሲት ዴር" አለችኝ። ላንተ የሚሆን ነው፣ ቁጭ ማለት ብቻ ነው ማለቷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ታክሲ ስነዳ ቆሜ የነዳሁ መሰላት?

ካርድ ሰጡኝ። ስሜ ሚስተር ጆንሰን። የኩላሊት ጠጠር። ሕመሙ ከአስር ዘጠኝ። አንዲት ልጅ እግር ተማሪ ገባች።

"እንዴት ነህ ዛሬ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደህና።" አፌ ነው የተናገረው፣ እኔ የለሁበትም። "አንቺስ? ቤተሰብ ደህና?"

አለቀሰች። እናቷ ርቃለች፣ ትምህርቱ ከብዷታል... ተነስቼ ወንበሬን ለቀቅኩላት። አብሽሪ፣ ይኼም ያልፋል አልኳት። ሃያ ደቂቃ እሷ ተቀምጣ፣ እኔ ቆሜ። ስትወጣ አቀፈችኝ።

ኃላፊዋ ሊንዳ ከውጭ ወደ ክፍሉ በሚያሳየው መስታወት በኩል ስታይ ነበር። "ከማል፣ አንተ እኮ ልትሞት ደርሰህ ነበር" አለችኝ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ከኤርፖርት ሁለት ሰው፣ ከቴሌግራፍ ጎዳና አንድ ሰው ጫንኩ። ቀኝ እግሬ ፍሪዌይ ፈጣን መንገድ ላይ እንደገና ደነዘዘ። በቡጢ መታሁት፣ ተመለሰ።

የዙህርን ሶላት ወንበር ላይ ሆኜ ሰገድኩ። ሚስቴ ሌይላ "ምነው?" አለች። "ምንጣፉ ይቀዘቅዛል" አልኳት። ሄዳ ምንጣፉን ዳሰሰችው።

ለሌይላ ብነግራት ለነጃት ትነግራለች። ነጃት የመኪና ቁልፌን ትወስዳለች። ከዚያ እኔ ምን ልሆን ነው? ሶፋ?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

የዛሬው ካርድ ጉድ ነው። ጉበት። በቀን ግማሽ ጠርሙስ ውስኪ እጠጣለሁ ይላል። ሊንዳን ሻይ ይሁንልኝ ብዬ ለመንኳት። ሻይ ጉበት አያበላሽም አለች። ብዙ ሻይስ? አልኳት። ራሷን ያዘች።

ያን ጊዜ ከጥግ አንድ ሽማግሌ ተነስተው "ውስኪውን እኔ እወስዳለሁ፣ የእኔን የሆድ ቁርጠት ስጪው" አሉ። ሚስተር ዴዝመንድ ይባላሉ። እንግሊዛዊ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አርባ አምስት ዓመት እዚያ አገራቸው መድረክ ላይ ሠርተዋል። ያልሆኑት ነገር የለም... ንጉሥ፣ ሞግዚት፣ ቄስ፣ ሌባ። ሁለት ሰው በሚገባበት የፈረስ ልብስ ውስጥ ቂጡን ሆነው ሁለት ክረምት ሠርተዋል። ከፊት የነበረው ሰውዬ ባቄላ ይወድ ነበር አሉ። በአንድ ትያትር ሁለት የሚደባደቡ ወንድማማቾችን ብቻቸውን ሠርተው፣ ከመጋረጃ ጀርባ እየሮጡ ባርኔጣ ሲቀይሩ ራሳቸውን ጥለው ክንዳቸው ተሰበረ። መድረክ ላይ ሰባ ሁለት ጊዜ ሞተዋል። ቆጥረውታል።

ጡረታ ሲወጡ ሚስታቸውን ተከትለው ወደዚህ መጡ። ሚስታቸው አረፈች፣ እሳቸው ቀሩ። አሁን የሚታመሙት ቤት ቁጭ ማለት ስለማይሆንላቸው ነው። ይኼን ሲሉኝ ደነገጥኩ። የእኔን ሆድ ያነበቡ መሰለኝ።

ጉበታቸውን ሲተውኑ በመስታወቱ አየሁ። ሱብሐነላህ! ሲጮሁ ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

የእኔ የሆድ ቁርጠት? ተማሪው "ከአስር ስንት ያምሃል?" ሲለኝ "አልሐምዱሊላህ፣ ዜሮ" አልኩት። የጻፈውን አየሁት፦ "በሽተኛው ጤነኛ ነው።"

ሊንዳ እስከ ተማሪዎቹ የኅዳር ፈተና መታመም ካልቻልኩ ሌላ ሰው እንደምትፈልግ በትሕትና ነገረችኝ። ለምን ይህን ያህል እንደከፋኝ አላውቅም። ሰው እንዴት በውሸት እንኳ አመመኝ ማለት ያቅተዋል?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ሚስተር ዴዝመንድ ማቃሰት ተለማመድ ብለውኛል። ሕመም ከእግር ጣት ተነስቶ ነው ወደ ጉሮሮ የሚወጣው አሉ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሞከርኩ። ሦስተኛው ላይ ጥሩ ወጣልኝ።

በሩ ተደበደበ። "ከማል! ሆድህ ነው? ደርቆብህ ነው?"

"ደህና ነኝ!"

ስወጣ ሌይላ የተልባ ብርጭቆ ይዛ ቆማለች። ስልኩ ላይ ነጃት፣ በራችን ላይ ደግሞ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት። ተልባውን ጠጣሁ። ምን አማራጭ አለኝ?

ማታ ግን ሳስበው... በውሸት ስጮህ ሦስት ሰው መጣ። የእውነቱን ማንም አያውቅም። ይኼ የማን ጥፋት ነው? (የኔ።)

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሚስተር ዴዝመንድን ሬድውድ ሲቲ ቤታቸው አደረስኳቸው። መኪናው ትምህርት ቤት ሆነ። እኔ ማቃሰት እማራለሁ፣ እሳቸው አማርኛ ይማራሉ። የሰው አነጋገር መቅዳት ሱሳቸው ነው። "እንዴት ነዎት?" እላለሁ። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ይላሉ። እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ አንገታቸው ዘንበል። ራሴን መስታወት ውስጥ ያየሁ መሰለኝ። የወሎ ሰው ቢሰማቸው አጎቴ ናቸው ይል ነበር።

ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ከማል፣ አንተ እኮ ሁለት ዓይነት 'ደህና ነኝ' አለህ። አንደኛውን ሰውን እያየህ ትለዋለህ። ሁለተኛውን ጫማህን እያየህ።"

እግሬ ደንዝዞ ነበር። መታሁት።

"ምን ሆነ?" አሉ።

"ልማድ ነው" አልኩ። ጫማዬን አላየሁም። መንገዱን ስለማይ ነው እንጂ...

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ትርፍ አንጀት። አቃሰትኩ! ተጣጠፍኩ! ሊንዳ በመስታወቱ አውራ ጣቷን ቀሰረችልኝ። ሁሉም አማረ። ከዚያ ተማሪዋ "ከአስር ስንት?" አለች። ለመጮህ ጮኼአለሁ እኮ፣ ቁጥሩን መናገር ብቻ ነው የቀረኝ። ቁጥር ግን ማማረር ይመስለኛል። አባቴ እግሩ ተቆርጦ እንኳ አልሐምዱሊላህ ነበር የሚለው።

"ዜሮ" አልኳት፣ ተጣጥፌ።

ሚስተር ዴዝመንድ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ትንሽ ቁጭ ልበል አሉ። እርጅና ነው አሉ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የፈተና ቀን ነበር። እኔ ተራዬን ስጠብቅ ከሊንዳ ጋር መስታወቱ ጋ ቆሜያለሁ። ከኋላችን የሚያዩ ተማሪዎች አሉ። ውስጥ ሚስተር ዴዝመንድ። ካርዳቸው የሐሞት ጠጠር፣ ከአስር ስምንት። እንደሚጮሁ ስለማውቅ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር።

ተፈታኙ ልጅ "ምን ያምሃል?" አላቸው።

"ደህና ነኝ" አሉ በእንግሊዝኛ። ቀስ ብለው።

ሊንዳ "ምን ዓይነት ምርጫ ነው! ዝምታ!" ብላ ማስታወሻ ያዘች።

እኔ ግን ቀፈፈኝ። ሚስተር ዴዝመንድ ለመጮህ የተገኘ ዕድል አሳልፈው አያውቁም። ደግሞ አየኋቸው... ጫማቸውን እያዩ ነው።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ልጁ ካርዱን ያገላብጣል፣ እኔ ፈተናው ውስጥ የለሁም። ፊታቸው አመድ መስሏል። ግንባራቸው በላብ ርሷል።

በአማርኛ "እንዴት ነዎት?" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ደህና ነኝ።" እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ ግን እኔ እንደማስቀምጠው አይደለም። ጨብጠውታል።

"አምቡላንስ!" ብዬ ጮህኩ። "ሰውዬው እውነት ታመዋል! ልባቸው ነው!" ከእግር ጣቴ ነው የወጣው።

ከመስታወቱ ጀርባ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሊንዳ በድምጽ ማጉያው "ዋው ከማል! በመጨረሻ!" አለች። አንድ ወር ሙሉ የጠበቅኩት ምስጋና በዚያች ሰዓት!

"ሊንዳ፣ ወላሂ ትወና አይደለም!"

ጭብጨባው ቆመ። ከዚያ ድምጽ ማጉያው ውስጥ ሊንዳ ለሌሎቹ ስትናገር ሰማኋት፦ "ቆይ... ከማል እኮ መተወን አይችልም!"

ወንበሩ ሲወድቅ ሰማሁ። እየሮጠች መጣች።

አምቡላንሱ በስድስት ደቂቃ ደረሰ። ሲወስዷቸው እጄን ይዘው ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ይኼን ማንም አላስተማረኝም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የልባቸው ቧንቧ ተዘግቶ ነበር። ከፍተውላቸዋል። ይተርፋሉ። አልሐምዱሊላህ። (ቀጥ ብዬ እያየሁ።)

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሌይላ ሾርባ ሠርታ በፔርሙስ ላከችላቸው። እሳቸው የነርሶቹን ሁሉ አነጋገር ቀድተዋል። አንዷ ፊሊፒናዊት በሳቅ ልትወድቅ ነው።

"ሰባ ሦስተኛ ሞቴን አበላሸህብኝ" አሉኝ።

"ለምን አልተናገሩም?" ተቆጣሁ። እውነት ተቆጣሁ።

"የልጁ ፈተና ነበር። መጋረጃው ሳይዘጋ አይታመምም።" "ደግሞ ካንተ ነው የተማርኩት" አሉ።

ይኼ አመመኝ።

"በል ተራህ ነው" አሉ። "እንዴት ነህ?"

"አልሐም..." አልኩ። ጫማዬን እያየሁ እንደሆነ ታወቀኝ። እሳቸውም አዩኝ።

"እግርህን ስትመታው ከመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ" አሉ። "ሁለት ክረምት የፈረስ የኋላ እግር ነበርኩ። ስለ እግር አውቃለሁ።"

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ የእውነቱ። "ቀጠሮ አለኝ" ስላት ሌይላ ምንም አልጠየቀችም፣ ሻርፗን ይዛ ተከተለችኝ። ከሐኪሙ ጋር አንዲት ተማሪ ገባች። ያቺ የመጀመሪያ ቀን ያለቀሰችው! ስታየኝ ፊቷ በራ። "ሚስተር ጆንሰን! ዛሬ ደግሞ ማን ነህ?"

"ዛሬ ከማለዲን ነኝ" አልኳት።

ሳቋን አቆመች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እግሬን ነካካች፣ ጎነበሰች፣ ጠየቀች። ጥሩ ሐኪም ይወጣታል። ከዚያ መጣች ያቺ ጥያቄ።

"ከአስር ስንት?"

አባቴን አሰብኩ። ጫማዬን ፈለግኩ፣ አስወልቀውኛል። የማየው አጣሁ።

"ሰባት" አልኩ።

"ሰባት?" አለች ሌይላ ከጎኔ። "ሰባት? ከመቼ ጀምሮ?"

"ከረመዳን በፊት።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እኔ እኮ ምንጣፍ ልቀይር ነበር" ብላ እንባዋ መጣ።

የወገብ ዲስክ ነው፣ ነርቩን ተጭኖታል። ይታከማል። እስከዚያ መንዳት የለም። ስንመለስ ሌይላ ነዳች። ፍሪዌይ ላይ በአርባ ማይል፣ ሁሉ እየቀደመን! ዘጠኝ ደረሰ ሕመሜ። ይኼንንም ነገርኳት።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ሊንዳ ደወለች። ማክሰኞ የወገብ ሕመምተኛ ትፈልጋለች። ይኼን እንኳ ሳልለማመድ እሠራዋለሁ።

ጠዋት ሌይላ "እንዴት አደርክ?" አለችኝ።

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

አልሄደችም። ቆማ ጠበቀችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። "አምስት" አልኳት።