ያልታጠፈው ሸራ

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፣ ከወለደችኝ ቀጥሎ እናቴ ለምልዎት፤

እንደምን ሰነበቱ? አዲሱ መድኃኒት ጉልበትዎን አሻለልዎት? ደረጃ መውጣት መተውዎን ጎረቤትዎ ነግራኛለች፤ ደግ አደረጉ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ቢሮ እገባለሁ። ከዚህ በላይ ስለ ራሴ የምጽፈው ባጣ አይቀየሙኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ባለፈው በስልክ ስለተነጋገርነው ነገር ነው። እንደ ልማድዎ «ሸራው አለ?» አሉኝ። «በዚህኛው ፎቶ አይታይም» አልኩዎት። ቀጥሎ የምለውን መቼ ሰሙኝ! «አነሳችው! ልጄ ሥራዋን ጨረሰች!» ብለው እልልታውን ሲያቀልጡት ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ያን ጊዜውኑ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። ትናንት ግን ጎረቤትዎ ደወለችልኝ። የልጅዎን አንሶላ አጥበዋል አሉ። ተራራው ሥር ካለችው ከተማ ድረስ ሄደው ሊቀበሏት የአውቶቡስ ትኬት ቆርጠዋል አሉ። እንግዲህ እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሻላል።

የሸራውን ነገር ቁጭ ብዬ አስረድቼዎት አላውቅም። የእኛ ሥራ ሳተላይት ከላይ ያነሳውን የተራራ ፎቶ የዘንድሮውን ካምናው እያስተያዩ መዋል ነው። ሙቀት በጨመረ ቁጥር የታችኛው ቁጥቋጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ አናት ላይ ያሉት ትንንሽ አበቦች ደግሞ መሸሻ ያጣሉ። ይህንን እንከታተላለን። ፎቶ ግን ያሳስታል፤ ጥላውም ጭጋጉም ያምታታል። ስለዚህ አንድ ሰው ሳተላይቱ በሚያልፍበት ቀን ላይ ወጥቶ ነጭ ሸራ ይዘረጋል፣ ጠርዝ ጠርዙን በድንጋይ ይጫናል። እኛ ነጯን ነጥብ ፎቶው ላይ ስናይ ቦታውንም የቀለሙንም ልክ እናውቃለን። ሰውየውም ሸራውን አጥፎ ይወርዳል። የምትወጣው ልጅዎ ነበረች። እኔ «ወንበር አሟቂው» ነበርኩ። ስሙን ያወጣችልኝ እሷ፣ ስቀው ያጸደቁት እርስዎ።

ካቻምና የወጣችው ከአለቃችን ጋር ተከራክራ ነው። ቁጥቋጦው በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ አናቱ ላይ ይደርሳል ትላለች። እሱ ደግሞ የእኛ ዕድሜ አይበቃውም ይላል። እንደ እርስዎ ናት መቼም፤ ያለችውን ሳታሳይ እህል አይወርድላትም። ወጣች፣ ዘረጋች፣ ሳተላይቱም አለፈ። ነጯ ነጥብ ቁልጭ ብላ ስትታይ ደውዬ «ታይቷል፣ አሁን እጠፊው» አልኳት። «እሺ፣ ወንበር አሟቂ» አለችኝ። ከዚያ ናዳው ወረደ።

የሆነውን ያውቃሉ። ሄሊኮፕተሩ ቢዞር ቢዞር የሚያርፍበት አጣ። ፈላጊዎቹ ከታች ቢሞክሩ ድንጋዩ ገና ይንሸራተት ነበር። ከላይ የታየው ሸራው ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ጎኑን ናዳው ተጭኖት። ሰዎቹ ፍለጋውን ሲያቆሙ እርስዎ ግን «ሸራው ካልተነሳ ሥራዋ አላለቀም ማለት ነው፤ ሥራ ጥላ የምትመጣ ልጅ አልወለድኩም» አሉ። እኔም አዲስ ፎቶ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ሸራውን ሆነ። አለ ስልዎት ደስ ይልዎታል። እኔም አለ ማለት ቀለለኝ።

እናቴ፣ ሸራውን ማንም አላነሳውም። ቁጥቋጦው ውጦት ነው። በመጀመሪያ አቧራ ጠጣ፣ ቀጥሎ ጠርዙ አረንጓዴ ሆነ፣ በዚህኛው ፎቶ ጨርሶ ተሸፈነ። ሦስት ጊዜ ደግሜ አየሁት፣ ሌላ ባለሙያም አሳየሁ። ልጅዎ ይደርሳል ያለችው ቁጥቋጦ ደርሷል።

አለቃችን መጥቶ ከኋላዬ ቆመና «ልክ ነበረች» አለ። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። በጥናቱ ላይ ስሟ ከሁላችንም በፊት ይጻፋል ብሏል። ወይ ደስ ሊለኝ ወይ ላለቅስ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ዓይነት ሆኛለሁ፤ ሲነኩኝ መነካቴን አውቃለሁ፣ አያመኝም። ቢሮ ውስጥ በርታ ይሉኛል፣ እሺ እላለሁ፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። እርስዎ ያለቅሱልኝ እንደሆነ አላውቅም።

ወደ ተራራው አይሂዱ። እዚያ የሚቀበሉት ሰው የለም። ትኬቱን ወደ እኔ ከተማ ያስለውጡትና እዚህ ይምጡ፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ደረጃም የለውም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ እዚህ ደረስኩ። ቁጥቋጦው በሁሉም ቦታ እኩል አልበቀለም። አብዛኛው ሳሳ ያለ፣ ቢጫነት የሚያጠቃው ነው። ናዳው ሸራውን ከተጫነበት ጎን ግን አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፤ ከተራራው ሁሉ ቀድማ ለምልማለች፣ አረንጓዴዋ ወደ ጥቁር ይወስደዋል። አለቃችን «እዚህች ጋ ብቻ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሰባው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጭጋግ ይሆናል አልኩት። ርዝመቷንና ስፋቷን ለካ አለኝ፤ አልለካሁም። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ጓሮ ሲያለሙ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ተክል ከሥሩ ምን ሲያገኝ እንዲህ እንደሚሰባ ያውቃሉ፤ ለእርስዎ ጭጋግ ነው አልልም።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ለሚመጣው ቀን አቅም ይስጥዎ፤ ያለ ሰው አያስቀርዎ፣ ያለ እርስዎም አያስቀረኝ።

ልጅዎ