ደርማታይተስ እና የነገው ጽዋ

ጥቅምት 20 ቀን፣ ከመሐል ሜዳ መልስ

ዛሬ እጄ ክርስትና ተነሣ፤ ስሙም ደርማታይተስ ተባለ። ጤና ጣቢያ ሄጄ «እጄ ቀላ፣ ቆዳዬ ተቆጣ» ብል ሐኪሙ ካርዴ ላይ የጻፈው ይህንን ነው።

«ምን ማለት ነው ዶክተር?»

«ቆዳዎ ተቆጥቷል ማለት ነው፣ ጋሼ።»

ቅባቴን ይዤ፣ ስሙን እንደ ዳዊት እየደገምኩ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይጋባል?»

እሱን ሳልጠይቅ መጥቻለሁ! ነገ የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ነው፤ ጽዋው ደግሞ አንድ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር። ጎረቤታችንን መሪጌታን ባማክራቸው ካርዱን አገላብጠው አዩና «አይጋባም፤ እንዲህ ያለ የተማረ ስም ያለው በሽታ ባለጌ አይሆንም» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ሲሰናበቱኝ ግን እጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ጨበጡኝ።

ነገ ጽዋውን ሳነሣ ማንን ልመን፦ ቃላቸውን ወይስ ጋቢያቸውን?